መለዮን መለየት

«መለዮ» የሚለው ቃል «ለየ» ከሚለው ግሥ መውጣቱን ለመገንዘብ የሰዋስው ሊቅ መሆን አያሻም። ወታደሩን ከባላገሩ፣ አንዱን ጦር ከሌላው ጦር ስለሚለይ መለዮ ተባለ፤ የሚለብሰውም መለዮ ለባሽ። ባለፈው ዓመት ክረምት የገጠመኝ ጉዳይ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ለዪውን ራሱን ለይ ተባልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንዲት እናት አሉ። እኛ ልጆቹ ሁላችን «እማማ» ነው የምንላቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ ቡናው ተፈልቶ፣ ረከቦቱ ቀርቦ ነበር። ገና ተቀምጬ ሳልጨርስ ከጉያቸው አንድ የተቋጠረ መሀረብ አወጡና ፈቱት። ከክብሪት ሳጥን ጥቂት የሚያንስ የነሐስ አንበሳ ነው፤ ቀኝ እግሩን አንሥቶ ሰንደቅ የያዘ። የሟች ባለቤታቸው የቆብ ዓርማ ነው።

ባለቤታቸው በክቡር ዘበኛ ተቀጥረው፣ ከቃኘው ሻለቃዎች በአንደኛው ኮሪያ ዘምተው፣ ኋላም ወደ ምድር ጦር ተዛውረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ነበሩ። እኔ ልጅ ሆኜ አውቃቸዋለሁ፤ በር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ፣ እኛን ኳስ በመስኮታቸው ስንመታ ደግሞ ሲቆጡ። «ይህን አድርጌ ነው ኮሪያ የዘመትሁት» ይሉ ነበር አሉ እማማ።

ታዲያ የልጅ ልጃቸው፣ ዘመናይ ልጅ ነውና፣ ዓርማውን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ውጭ አገር ለሚኖር አንድ ሰብሳቢ ልኮ ኖሯል። ሰብሳቢውም «እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ እገዛለሁ» ብሎ መለሰ። ልጁ እንዲያረጋግጥለት ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ይዞት ሄደ። ባለመደብሩ አገላብጦ አየና ፈረደ። «የንጉሡ ዘመን አንበሳ ዘውድ ደፍቷል። ይህ ዘውድ የለውም። ወይ የደርግ ነው፣ ወይ ፎርጅድ ነው። በዚህም ሆነ በዚያ ኮሪያ አልዘመተም» አለው። ልጁም የሰማውን ሳይቀንስ፣ ሳይለዝብ፣ ለአያቱ ነገራቸው።

«ብሩ ይቅር ልጄ» አሉኝ እማማ ስኒውን እየዘረጉልኝ። «ግን ዋሽቶኛል ማለት ነው? አርባ ዓመት ስንኖር?» ጥቂት ዝም አሉና «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ትጠይቃለህ፣ ታነባለህ። እስቲ እየው» ብለው መሀረቡን እጄ ላይ አኖሩት።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ሳጠና ስለ ቆብ ዓርማ የተማርንበት ክፍለ ጊዜ አልነበረም። ይሁን እንጂ ስለዚህ ነገር ጨርሶ ጨዋ አልነበርሁም፤ አንድ ጊዜ ተበልቼበታለሁና። የተበላ ሰው ደግሞ አስተማሪ አያጣም።

የተበላሁት ምናለሽ ተራ ነው። መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ ምናለሽ ተራ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ አሮጌ ቁልፍ፣ የተሰበረ ፕሪመስ፣ ግማሽ መቀስ፣ የማይታወቅ ማሽን ጥርስ፣ ሁሉም እኩል ተዘርግቶ ገዥውን የሚጠብቅበት ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር የቆብ ዓርማ ሸጡልኝ። መድፍ አለው፤ ከላዩ ዘውድ አለው፤ በላቲን የተጻፈ መፈክርም አለው። «ጎንደር ላይ ጣልያን እጁን ሲሰጥ አንድ እንግሊዝ የጣለው ነው፤ አባቴ ነው ያነሣው» አሉኝ። ጎንደር ላይ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ልክ ነው፣ ቦታው ልክ ነው፣ ሽማግሌው የታመኑ ይመስላሉ። እኔም ያለ ብዙ ክርክር ገዛሁና ጠረጴዛዬ ላይ አኖርሁት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስለ ጎንደር እተርክ ነበር።

ያጋለጠው ዘውዱ ነው። የእንግሊዝ ጦር ዓርማ ላይ የሚቀመጠው ዘውድ ከንጉሥ ንጉሥ ቅርጹ ይለያያል። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1901 ከሞተች በኋላ የነገሡት ነገሥታት የመረጡት ዘውድ ቅስቶቹ ወደ ላይ ጎበጥ ብለው፣ እንደ ጎጆ ክዳን የሚገናኙ ናቸው። ኤልሳቤጥ በጥር 1944 ዓ.ም. ስትነግሥ ሌላ ቅርጽ መረጠች፤ የእርስዋ ዘውድ ቅስቶቹ መሀሉ ላይ፣ ኳሷና መስቀሏ በተተከሉበት፣ ወደ ታች ሰርጎድ ይላሉ። ልጅዋ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲነግሥ እንደገና ወደ ጎባጣው ተመለሰ። የእኔ ዓርማ ዘውድ መሀሉ የሰረጎደ ነበር። እንግዲህ የጎንደሩ እንግሊዛዊ ገና ያልነገሠች ንግሥት ዘውድ፣ ከመንገሥዋ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቆቡ ላይ ሰክቶ ዘምቷል ማለት ነው!

ዓርማው ፎርጅድ አልነበረም፤ ይህን ልብ ይሏል። እውነተኛ የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር ዓርማ ነው። ውሸቱ ያለው በብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ጋር በተሸጠልኝ ተረት ላይ ነው። የዓርማው መፈክር «በሁሉም ስፍራ» ማለት መሆኑን ሳውቅ ሳቄ መጣ። በሁሉም ስፍራ ከተገኘ ጎንደር ላይ ለምን አይገኝ? ሽማግሌውን ግን ለመክሰስ አልደፍርም። አባታቸው እንዲያ ብለው ነግረዋቸው ይሆናል። ሰብሳቢዎች «ዕቃውን ግዛ፣ ወሬውን ለባለቤቱ ተው» ይላሉ፤ እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው፤ ወሬውን ገዝቼ ዕቃው በምርቃት መጣልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብና አሮጌ ብረት የሚነግዱትን መጠየቅ የጀመርሁት። የእንግሊዞቹን ዓርማ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ ሰብሳቢ ከበዛባቸውና አብጠርጥረው ከተጠኑት መካከል ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የተማሩትን ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል።

የመጀመሪያው ትምህርት ዓርማው እንዴት ተሠራ የሚለው ነው። የደኅናው ፋብሪካ ሥራ በፕሬስ ይመታል። አንድ ስስ የብረት ዝርግ በሁለት የተቀረጹ የብረት ፎርማዎች መካከል ይገባል፤ ከላይ ያለው ሲወርድበት ፊቱ ላይ ጉብ ያለው ሁሉ ጀርባው ላይ ጎድጓዳ ሆኖ ይወጣል። ጀርባው የፊቱ ግልባጭ ነው። መስመሩ የሰላ፣ የላባውና የጋማው ጭረት እንደ ቢላ ስለት የነቃ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ይሆናል። የአስመሳዩ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ይፈስሳል። አስመሳዩ እውነተኛውን ወስዶ አሸዋ ወይም ጎማ ላይ ያትመውና የቀለጠ ነሐስ ያፈስበታል። የቀለጠ ብረት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ግልባጩ ከእናቱ በጥቂቱ ያንሳል፤ በዓይን ባይታይ በካሊፐር ይያዛል። ላዩ ላይ በአጉሊ መነጽር የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ አየር ያመለጠባቸው ናቸው። መስመሩ እንደ ቀለጠ ቅቤ የደነዘዘ ነው። ጀርባው ደግሞ ድፍን ወይም አሸዋማ ይሆናል። አስመሳዩም ፊቱን እንጂ ጀርባውን አይጨነቅለትም፤ ገዥም የሚያየው ፊቱን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት መያዣው ነው። ዓርማ በራሱ ቆብ ላይ አይቆምም። አንዳንዱ ሁለት ቀለበት ተበይዶበት በሽቦ ይታሰራል። አንዳንዱ ከጀርባው የተበየደ ረጅም ምላስ አለው፤ በቆቡ ቀዳዳ ተንሸራቶ ይገባል። ሌላው ሁለት መርፌ አለው፤ ከኋላ በቢራቢሮ ክንፍ በሚመስል መቆለፊያ ይያዛል። ዛሬ በየመንገዱ ለጃኬትና ለቦርሳ የሚሸጠው የይሁዳ አንበሳ ባጅ አብዛኛው ባለ ቢራቢሮ ነው። ማንንም ለማታለል የተሠራ አይደለም፤ ራስ ተፈሪያኑም ቱሪስቱም ወድዶ የሚያደርገው ጌጥ ነው። ነገር ግን አንድ ብልጥ መርፌዎቹን ቆርጦ፣ በስታኞ ቀለበት በይዶበት፣ ኮምጣጤና ጨው ውስጥ ዘፍዝፎ ቢያወጣው «የንጉሡ ዘመን» ይሆናል። የተቆረጠው መርፌ ጉቶ ግን አይጠፋም፤ አዲሱ ስታኞም እንደ ብር ያበራል። የዱሮው ይጠቁራል።

ሦስተኛው ትምህርት ዕርጅና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የቆሸሸውን ሁሉ አሮጌ ይመስለዋል። አረንጓዴ ዝገት በሳምንት ይመጣል፤ ጨውና ኮምጣጤ ካገኘ በሁለት ቀንም ይመጣል። ፎርጅዱ እኩል ይቆሽሻል፤ ፊቱም ጀርባውም፣ ጉብታውም ጎድጓዳውም አንድ ዓይነት። እውነተኛው ግን በአግባቡ ነው የሚያረጀው። ወታደር ዓርማውን በየጊዜው በብራሶና በጨርቅ ይወለውላል። ጨርቁ የሚነካው ጉብታውን ነው፤ ስለዚህ የአንበሳው አፍንጫ፣ የጉልበቱ ጫፍ፣ የጋማው አናት ይልጋል። በጎድጓዳው ውስጥ ግን ነጭ የብራሶ ደለል ደርቆ ይቀራል። ጀርባውን ማንም አይወለውለውም፤ ስለዚህ እንደተሠራበት ቀን የሰላ ሆኖ ይጠቁራል። ፊቱ ያረጀ፣ ጀርባው ያላረጀ፤ ሰው የሠራበት ዓርማ እንዲህ ነው።

ብረቱ ራሱም ይናገራል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲበረታ እንግሊዞች ነሐሱ ለጥይት ስለተፈለገ የቆብ ዓርማ ከፕላስቲክ እስከ መሥራት ደረሱ። ጀርመኖችም ወደ መጨረሻው ላይ ወደ ርካሹ ዚንክ ወረዱ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች የማይወለወል፣ የወርቅ ቀለም የተነከረ አሉሚኒየም አመጡ፤ ወታደሩ ከብራሶ ተገላገለ። ስለዚህ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ቀላል አሉሚኒየም ላይ የቀድሞው ንጉሥ ዘውድ ካያችሁ መጠርጠር ነው። የጀርመኖቹን ካነሣሁ አይቀር፣ የኤስ ኤስ ጦር የራስ ቅል ዓርማ በብዛት ከሚጭበረበርባቸው አንዱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ ያወጣል። ማንም የርካሽ ነገር ፎርጅድ ሲሠራ አልታየም። በእኛም አገር አንበሳው ላይ አስመሳይ የመጣበት ዋጋው መውጣት ሲጀምር ነው።

አንድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ አለ። ዱሮ የመታው ፋብሪካ ፎርማ ሳይጠፋ ይቆይና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንዱ ገዝቶ እንደገና ይመታበታል። ፎርማው እውነተኛ ነው፤ የተመታው ዓርማ ግን ወታደር ቆብ ላይ ውሎ አያውቅም። ይህን ለመለየት የብረቱን ውፍረት፣ የምላሱን ቅርጽ፣ ፎርማው በዕድሜ የሰነጠቀበትን ፀጉር የሚያህል መስመር ማየት ይጠይቃል። ሊቃውንቱም ሳይቀሩ በዚህ ይጣላሉ፤ እኔም ከዚህ በላይ አልደፍርበትም።

ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ይዤ፣ የእማማን ዓርማ በኪሴ አድርጌ መጀመሪያ የሄድሁት ወደዚያው ወደ ቸርችል ጎዳናው መደብር ነው። ባለመደብሩ ጨዋ ሰው ነው። «ዘውድ ያለውን አሳየኝ» ብለው ከመስታወቱ ሥር ሦስት አንበሶች አውጥቶ ደረደረልኝ። ሦስቱም ዘውድ የደፉ፣ ሦስቱም መስቀል ያለበት በትር የያዙ፣ ሦስቱም የጠቆሩ። ልብ ይሰርቃሉ። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ የመጀመሪያውን አየሁ። ጅራቱ ሥር አንዲት የተጫረች መስመር አለች፤ ጥፍር የቆረጣት የመሰለች። ሁለተኛውን አየሁ፤ ጅራቱ ሥር ያችው መስመር። ሦስተኛው ላይም ያችው፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ።

ሦስት ወታደሮች በሦስት ቆብ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት በአንድ ዓይነት ቦታ ሊጭሩ አይችሉም። ጭረቱ የእናታቸው ነው። አንድ እውነተኛ ዓርማ ነበረ፤ አንድ ቀን ከአንድ ድንጋይ ወይም ምስማር ጋር ተጋጨ፤ ያ ዓርማ ነው አሸዋ ላይ ታትሞ ሦስቱን የወለደው። ጀርባቸውን ሳገላብጥ ድፍን ናቸው፤ የአሸዋው ቅንጣት ሳይቀር ይታያል። ለባለመደብሩ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ በመነጽሩ አየና «እኔም እንደዚሁ ነው የተሸጠልኝ» አለ። አመንሁት። ምናለሽ ተራ ላይ እኔም እንደዚያው ነበርሁና።

እንግዲህ ዘውድ ያለው ሦስቱም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ዘውድ የሌለውን እውነተኛ አያደርገውም። የባለመደብሩ ጥያቄ ጥያቄ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንበሳ ያለ ዘውድ ከየት መጣ?

ስለ ዘውዱ ባለመደብሩ አልተሳሳተም። አሮጌ ሳንቲም ያለው ሰው አውጥቶ ይይ። በ1936 ዓ.ም. የተመታው ሳንቲም በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው በኩል ዘውድ የደፋ፣ ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አለው። በ1969 ዓ.ም. የተመታው ላይ ደግሞ አፉን የከፈተ የአንበሳ ራስ አለ፤ ዘውድ የለውም። በሁለቱ መካከል የሆነው ይታወቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ዘውዳዊው አገዛዝ ራሱ በዐዋጅ ቀረ። ከሰንደቅ ዓላማው ላይ አንበሳው ወዲያው አልተነሣም። ዘውዱ ተነሣለት፤ በትሩ ጫፍ ላይ የነበረውም መስቀል የጦር ጫፍ ሆነ። ያው አንበሳ ነው፤ የተነሣው ከላዩ ያለው ነው።

የሠራዊቱ አለባበስ በየዘመኑ መለዋወጡንም ማሰብ ያስፈልጋል። ክቡር ዘበኛን ከጦርነቱ በፊት ቤልጂጎች አሠለጠኑት፤ ከነፃነት በኋላ ስዊድኖች። ምድር ጦሩን እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ያደራጀው ነበር። ከ1945ቱ ስምምነት በኋላ አሜሪካኖች መጡ፤ ሐረር አካዳሚ ላይ ደግሞ ሕንዶች አስተማሩ። በ1969ና 70 ሶቪየቶች ተተኩ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይህን ያህል እጅ ያለፈበት ሠራዊት ዓርማው አንድ ወጥ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ «የንጉሡ ዘመን እንዲህ ነው፣ የደርግ እንዲህ ነው» ብሎ በአንድ ምልክት መፍረድ አያዋጣም። ዕቃውን ራሱን መጠየቅ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ መብራት ሥር አኖርሁትና ጠየቅሁት።

መጀመሪያ ጀርባውን። በፕሬስ የተመታ ነው፤ የአንበሳው አካል ጎድጓዳ ሆኖ ይታያል፣ የጋማው ጭረት ሳይቀር በግልባጭ። ሁለት ቀለበቶች ተበይደውበታል፤ ስታኞው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሌላ የመያዣ ጉቶ የለም። ፊቱ በጣም አርጅቷል፤ አፍንጫው ለስልሶ ከጉንጩ ሊለይ ትንሽ ነው የቀረው፤ በእግሮቹ መካከል የደረቀ የብራሶ ደለል አለ። እስከዚህ ድረስ የፋብሪካ ሥራና ብዙ ዓመት የተወለወለ ዓርማ ነው። ፎርጅድ የሚለው ወደቀ።

ከዚያ ራሱን አየሁ። በጆሮዎቹ መካከል አንበሳው አናቱ ጠፍጣፋ ነው። እንስሳ እንዲህ ያለ አናት የለውም፤ ቀራጭም እንዲህ አይቀርጽም። መነጽሩን ቀረብ ሳደርገው ጠፍጣፋው ላይ እርስ በርሳቸው ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ። የሞረድ ጥርስ ናቸው። የበትሩን ጫፍ አየሁ። እዚያም መስመሮቹ አሉ፤ ከሁለት በኩል ተሞርዶ ሹል ሆኗል። የመስቀል ክንዶች የነበሩበት ይመስላል።

ይመስላል ማለት ግን ማስረጃ አይደለም። ደግሜ ገለበጥሁት። ቀደም ብዬ እንዳልሁት በፕሬስ የተመታ ዓርማ ጀርባው የፊቱ ግልባጭ ነው፤ የሞረደውም ሰው፣ እንደ አስመሳዮቹ ሁሉ፣ የተጨነቀው ለፊቱ ነበር። በአናቱ በኩል፣ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ባለው ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ጎድጓዳ ቀበቶ አለች። በውስጧ አራት ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ አምስተኛው ግማሹ ተቆርጧል። የአንበሳ ፀጉር በነጠብጣብ አይሰደርም። የዘውድ ግርጌ ነው፤ ዕንቁ የሚደረደርበት። ከፊት በኩል ጨርሶ ጠፍቷል። ከኋላ ግን ዘውዱ እግሩን ትቶ ሄዷል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መቼ ተሞረደ? ትናንት የተሞረደ ነሐስ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ የሞረዱ መስመርም ጣት ላይ ይሻክራል። ይህ ግን እንደ ሌላው አካሉ ቡናማ ነው፤ መስመሮቹም ሊጠፉ ደርሰዋል፣ የጨርቅ ልጋት አልፎባቸዋል። ከተሞረደ በኋላ ለዓመታት ተወልውሏል። ዘውዱን ያነሣው ሰው ዓርማውን አውጥቶ አልጣለውም፤ ሳጥን ውስጥም ወዲያው አልደበቀውም። ቆቡ ላይ መልሶ ሰክቶ ሥራ ሄዷል።

በማግሥቱ እማማ ዘንድ ሄድሁ። መነጽሩን ሰጥቻቸው ጀርባውን አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟልና ነጠብጣቦቹን ማየታቸውን አላውቅም፤ ይሁንና «አዎን አዎን» አሉ። «እማማ፣ ይህን ሰው የሞረደው ነው» ስላቸው ስኒውን አስቀመጡት።

«ሞረድ!» አሉ። ከዚያ በዝግታ ተናገሩ። ዓመቱን በቁጥር አያስታውሱትም፤ የመጨረሻ ልጃቸውን የሚያጠቡበት ጊዜ ነበር፣ ንጉሡ በወረዱ ዓመት። ሌሊት የመፋቅ ድምፅ ሰምተው ተነሡ። ባለቤታቸው ኩራዝ አብርተው፣ ጉልበታቸው ላይ ጨርቅ ዘርግተው አንዳች ነገር ይሞርዳሉ። «ምን ትሠራለህ?» ሲሏቸው «ዘውዱን ከቆቤ ካላነሣሁ ቆቤን ከራሴ ሊያነሡት ነው» ብለው መለሱላቸው። እማማ ነገሩ ስላልገባቸው ተመልሰው ተኙ። «እኔ የበር ቁልፍ የሚሠራ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ያህል ያላሰቡት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብተወው ደስ ባለኝ። ግን አንድ ነገር ልነግራቸው ይገባ ነበርና ነገርኋቸው። ዓርማው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መሆኑን ብረቱ ይመሰክራል። ኮሪያ መዝመቱን ግን ብረቱ አይመሰክርም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የሄዱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን የተሰለፉት በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ አሜሪካ ባቀረበላቸው ልብስና ትጥቅ ነው። ምሽግ ውስጥ የሚደረገው የብረት ቆብ ነው፤ የነሐስ አንበሳ የሰልፍና የከተማ ነው። ሰውዬው በሻንጣቸው ይዘውት ሄደው ይሆናል፤ መርከብ ሲሳፈሩ አድርገውት ይሆናል፤ ከተመለሱ በኋላ የተሰጣቸውም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለይ አጉሊ መነጽር የለም።

እማማ አዳመጡኝና «ይህስ የእርሱ ቃል ነው» አሉ። «እኔን ያስጨነቀኝ ሌላው ነበር።»

የልጅ ልጃቸው ለሰብሳቢው ያየሁትን ሁሉ ጽፎ፣ የጀርባውን ፎቶግራፍም ጨምሮ እንዲልክ መከርሁት፤ ዘውዱ በሞረድ የተነሣ መሆኑን ሳይደብቅ። ለሳምንት ያህል መልስ አልመጣም። ኋላ መጣ። ሰውዬው በትሕትና አመስግኖ፣ እርሱ የሚሰበስበው ያልተጎዳውን ብቻ እንደሆነ፣ የተሞረደ ዓርማ ዋጋው ከግማሽ በታች እንደሚወርድ፣ ሆኖም ዘውድ ያለው ቢገኝ እንዲያሳውቁት ጻፈ። ልጁ ተናደደ። ዘውድ ያለው የት እንደሚገኝ እኔ አውቃለሁ፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ሦስት አሉ፣ ጅራታቸው ሥር ጭረት ያላቸው። አልነገርሁትም።

ሰሞኑን እማማ ቤት ስገባ ልጁ መነጽሬን አውሰኝ አለኝ። የአያቱን ሳጥን ገልብጦ የወንድ አያቱን የደረት ሜዳይ አግኝቷል፤ ጀርባውን ሊያይ ነው። አንበሳው መሀረቡ ውስጥ የለም። እማማ ከባለቤታቸው ፎቶግራፍ ክፈፍ ጥግ ላይ በሽቦ አስረውታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አድርገው።